ሐሙስ ሐሙስ የወሰድሽብኝ ልጅ

ውድ ኦክቡን፣

«ውድ» ያልኩሽ ወድጄሽ አይደለም። በመንደሩ አዳራሽ ፊደል ያስተማረችን ልጅ ደብዳቤ ሲጀመር እንዲህ ይባላል ስላለች ነው። አንቺ ያኔ ከፊት ነበር የምትቀመጪው። «ጎበዝ እማማ ኦክቡን! ጎበዝ!» ስትልሽ እኔ ከኋላ እርሳሴን እነክስ ነበር። አንቺ በስድስተኛው ሳምንት ስምሽን ጻፍሽ፣ እኔ በዘጠነኛው። ይኸው ዛሬ ያንቺንም ጨምሬ ጻፍኩት። ከተሳሳትኩ አትሳቂ፤ ብትስቂም አላይሽም።

ስልክ ልደውልልሽ አስቤ ነበር። ግን ራሴን አውቀዋለሁ፤ ገና ድምፅሽን ስሰማ ስድብ ይቀድመኛል። ከዚያ ጆሮዬ ላይ ትዘጊዋለሽ። ወረቀት ግን አይዘጋም። ብትቀጂው እንኳ ማን ምን እንዳለ ለማወቅ መልሰሽ ትገጣጥሚዋለሽ፤ አንቺን አላውቅሽም እንዴ?

ነገሩ ይሄ ነው። የልጅ ልጄ ሄሪም ሥራዋን ልታጣ ነው። የፊታችን ማክሰኞ ጠዋት በአራት ሰዓት ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ኮሚቴ ይቀመጣል። የዚችን ልጅ ውል እናድስላት ወይስ እናሰናብታት ብሎ ይመክርባታል። ለዚህ ያበቃናት ደግሞ እኔና አንቺ ነን። አንቺ ሳታውቂ፣ እኔ እያወቅኩ። አትጩሂ፣ ቀስ ብለሽ አንብቢ፤ ሁሉንም እነግርሻለሁ።

የጀመረው ባለፈው ወር ገበያ ላይ ነው። ሁለት ቅርጫት ጎመን ይዤ ወጥቼ ነበር። ዓሣ ሻጯ ጆምኔ ከሩቅ አይታኝ እጇን እያርገበገበች ጠራችኝ።

«ፒልናም! ነይ እስኪ፣ ነይ ጉድ ላሳይሽ!»

እኔ ዓሣ መስሎኝ። እሷ ግን ከዓሣው ሣጥን ኋላ አንድ ማሰሮ አውጥታ አፍንጫዬ ሥር ደቀነችው።

«ይቺ ያንቺዋ ሄሪም አይደለችም?»

ያንቺ የአኩሪ አተር ድልህ ነው። ቀይ ክዳን፣ ምራትሽ ያሠራችው ወርቅማ ጽሑፍ፣ ከጽሑፉ ሥር የልጄ ፊት! ነጭ ጋዋን ለብሳ ትስቃለች። ድዷ እስኪታይ ትስቃለች። ከእኔ ጋር ፎቶ ስትነሳ ከንፈሯን ገጥማ ነው፣ የመታወቂያ ፎቶ የምትነሳ ነው የምትመስለው። ጽሑፉን ፊደል በፊደል አነበብኩት። «በፕሮፌሰር ሄሪም ክትትል የተዘጋጀ» ይላል። የዩኒቨርሲቲውም ስም አለበት። ፊደል ያስቆጠሩኝ ለዚህ ነው ለካ።

«ናት» አልኳት ለጆምኔ።

«ታዲያ ያንቺ ድልህ ላይ ምነው የለችም?»

«የእኔ ድልህ ፎቶ አያስፈልገውም። ራሱ ይናገራል።»

«እንዴ! የኦክቡንማ እየተናገረ አልቋል። ይቺ የመጨረሻዋ ናት፣ ለራሴ ነው ያስቀረኋት።»

ጆምኔን ለምኜ ከእጇ ገዛኋት። አዎ፣ ገዛሁ! ቤት ወስጄ፣ በሩን ዘግቼ፣ በጣቴ ቀመስኩት። ጥሩ ነው። ይሄን ስጽፍ እርሳሱ ወረቀቱን ሊበሳው ነው፤ ግን ጥሩ ነው። ሁለተኛ አልለውም፣ ደጋግመሽ እንድታነቢው ነው የጻፍኩት።

ኦክቡን፣ ይቺን ልጅ እኮ ከአራት ዓመቷ ጀምሮ ያሳደግኋት እኔ ነኝ። እናትና አባቷ ሴኡል ፋብሪካ ገብተው በዓል በዓል ብቻ ሲመጡ፣ እኔ ነኝ በጀርባዬ አዝዬ አተር የወቀጥኩት። እንደ ጡብ የጠፈጠፍኩትን አተር እንዲደርቅ በሳር ገመድ አስሬ ስሰቅል ገመዱን የምታቀብለኝ እሷ ነበረች። ጣቷን ጋኑ ውስጥ ስትከት እጇን መትቼ፣ ስታለቅስብኝ ደግሞ የራሴን ጣት አልሻት ነበር። ያኔም ግን አንቺ ነበርሽ። ያቺ ውሻሽ በየዓመቱ ትወልዳለች፤ ልጅቷ ሩዟን ሳትጨርስ የወንዙን ድልድይ ተሻግራ ካንቺ ግቢ ትገባለች። ከግቢዬ ግንብ ላይ ሆኜ «ሄሪም! ሾርባው ቀዘቀዘ!» ስል «ትንሽ ቆይቼ፣ አያቴ! ዓይናቸውን ሊገልጡ ነው!» ትለኛለች። አንቺ ደግሞ እየሳቅሽ «ተያት እንጂ ፒልናም፣ ልጅ ናት» ትያለሽ። ቡችላውን ሁሉ ወንዝ ብወረውር ደስ ባለኝ።

ከዚያ ተማረች። የሌላ ሰው ልጅ ሐኪም ሆነ፣ ዳኛ ሆነ ይባላል። የእኔዋ ምን ብትማር ጥሩ ነው? ምግብ እንዴት እንደሚብላላ! «ምንድን ነው የምታጠናው?» ሲሉኝ «ትልቅ ነገር ነው፣ ለእናንተ አይገባችሁም» እላለሁ እንጂ «ድልህ» ብዬ መናገር አፍር ነበር። ሆዴ ግን ያውቃል። ከእኔ ጋን ነው የተነሳችው። ከእኔ ጣት።

አሁን ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርሽ። የዛሬ አራት ዓመት፣ ረዳት ፕሮፌሰር በሆነች ገና በመጀመሪያው ዓመት፣ በፈረስ ቀን መጣች። ድልህ ስንጥል በየአሥራ ሁለት ቀኑ ከሚዞሩት የእንስሳት ቀኖች መርጠን በፈረሱ ቀን አይደል? ልጅቷ ፈቃድ ጠይቃ ለእኔ ብላ መጣች። ጎረቤቶቹ ሁሉ ግቢዬ ነበሩ። ጨው ውሃውን በጥብጬ፣ ጨዉ መብቃቱን ለማየት እንቁላል ጣል አደረግሁበት፤ ተንሳፈፈ። ከኪሷ አንድ ነገር አወጣች፣ እንደ ብዕር ያለ፣ ጫፉ ላይ ቁጥር የሚያበራ።

«አያቴ፣ ጨዉን ልለካልሽ?»

«ምኑን ነው የምትለኪው? እንቁላሉን አላየሽውም? የሳንቲም ያህል ከላይ ታየ። አማቴም እንዲህ ነው ያደረገችው፣ የአማቴም አማት።»

«እንቁላሉ መቼ የተጣለ ነው?»

«እኔ ምን አውቄ! ዶሮዋን ጠይቂያት!»

ሴቶቹ ሳቁ። እሷም አብራ ሳቀች። ከዚያ ግን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ ቀስ ብላ፣ እንዳታሳፍረኝ ተጠንቅቃ፣ «አያቴ፣ የቆየ እንቁላል በቀጭን ጨው ውሃም ይንሳፈፋል። ውስጡ አየር ይሞላል» አለችኝ። ቀስ ብላ ነው ያለችው፤ ያቺ ጆሮ ብቻ የሆነች የወፍጮ ቤቷ ሴትዮ ግን ሰማች። «እንዴ! ስልሳ ዓመት በአየር ነው እንዴ የጣልሽው ፒልናም?» ብላ ግቢውን በሳቅ አፈረሰችው።

«አንቺ ልጅ» አልኳት፣ ሁሉም እየሰማ፣ «ዩኒቨርሲቲሽ ሂጂና ተማሪዎችሽን አስተምሪ። እዚህ ማንም አልተመዘገበም!»

መለኪያውን ኪሷ ከታ ወጣች። እኔ መኪናዋ ጋ የሄደች መስሎኝ ነበር። ከግንቡ ላይ ሳይ ድልድዩን እየተሻገረች ነው። አንቺን አየሁሽ። እርጥብ እጅሽን ቀሚስሽ ላይ ጠርገሽ፣ የጋኑን ክዳን በሁለት እጅሽ ብድግ አድርገሽ «ነይ እስኪ ልጄ፣ አሳዪኝ» ስትያት። ድምፅሽ እኮ ተራራ ነው፣ እኔ ግቢ ድረስ ነው የሰማሁት። ልጄ አልሻት!

በዚያ ዓመት ምን እንደሆንኩ ታውቂያለሽ? አታውቂም። ሦስት ጋን ድልህ ኮመጠጠብኝ። ሦስት! ክዳኑን ስከፍት ሽታው ገፍትሮ ጣለኝ። ማንም ሳይነሳ በማለዳ ቆፍሬ ኮክ ዛፉ ሥር ቀበርኩት። ጨዉ ዛፉን አደረቀው። በግንቦት መጥተሽ ግንቡ ላይ ተደግፈሽ «ፒልናም፣ ያ የመሰለ ኮክ ምን ነካው?» ስትዪኝ «ውርጭ» አልኩሽ። በግንቦት ውርጭ! አንቺም አይተሽኝ አይተሽኝ ዝም አልሽ። ዝም በማለትሽ እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩሽም።

ከዚያ ወዲህ ነው ሐሙስ የመጣው። በቀጣዩ አዲስ ዓመት የሩዝ ኬክ ሾርባ እየጠጣን እንዲህ አለችኝ፦ «አያቴ፣ ዩኒቨርሲቲው በሳምንት አንድ ቀን ውጭ እንድሠራ ፈቀደልኝ። እማማ ኦክቡንን በምክር ልረዳ ነው። ሦስት ቀን አስተምራለሁ፣ ዓርብ ላብራቶሪ ነኝ፣ ቅዳሜ ፈተና አርማለሁ። ሐሙስ ብቻ ነው ነፃ የሆንኩት።»

«እሁድስ?»

«እሁድ እተኛለሁ» ብላ ሳቀች። እውነቷን ነው፣ ዓይኗ ሥር ጠቁሮ ነበር። እኔ ግን አላየሁትም፤ ሐሙስ የሚለውን ብቻ ነው የሰማሁት። ልጅቷ ከሰባት ቀን አንድ ቀን ተርፏት፣ እሱንም ለኦክቡን!

ሐሙስ ሐሙስ ግቢዬን ስጠርግ ነው የማረፍደው። ጥርት ብሎ የተጠረገውን እንደገና እጠርጋለሁ። ነጯ መኪናዋ በበሬ ታልፋለች፣ ጡሩምባ ታሰማኛለች፣ ድልድዩን ትሻገራለች። አመሻሽ ላይ ስትመለስ ትቆማለች። ሞተሩን ሳታጠፋ ብርቱካን ትሰጠኛለች፣ «በልተሻል?» ትለኛለች፣ «በልቻለሁ» እላታለሁ፣ ትሄዳለች። አንድ ቀን ደግሞ ከማዶ «አያቴ! ይሄኛውን ጋን ከፀሐይ እናዙረው!» ስትል ሰምቼ «አቤት!» ብዬ መጥረጊያዬን ጥዬ ብድግ አልኩ። ለካ አንቺን ነው። አውቃለሁ፣ ሁሉም ልጅ አሮጊት ሲያይ «አያቴ» ይላል። አውቃለሁ አልኩሽ። መጥረጊያውን አንስቼ ቤት ገባሁና ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

እንግዲህ በዚህ ላይ ነው የማሰሮው ፎቶ የመጣብኝ። በማግስቱ ስልኩን አነሳሁ። ቁጥሩን ከአዲስ ዓመት ካርዷ ላይ ነው ያገኘሁት። አንድ ትሁት የሆነ ወንድ ልጅ አነሳ።

«እዚያ አለቃ አለ?» አልኩት።

«ምን ልርዳዎት እናቴ?»

«አስተማሪያችሁ የሰው ድልህ ስትሠራ እንደምትውል ታውቃላችሁ?»

«የትኛዋ አስተማሪ?»

ነገርኩት። ሲጽፍ ሰማሁት፣ የኮምፒውተሩ ድምፅ ጣ ጣ ጣ ይላል።

«ፈቃድ አላቸው፣ ሐሙስ ሐሙስ ይላል እዚህ» አለኝ።

እዚህ ላይ ብዘጋው ኖሮ ምንም አልነበረም። ግን «ፈቃድ አላቸው» ሲለኝ አንቺ ያልሽኝ ነው የመሰለኝ።

«ሐሙስ ብቻ? ኧረ ምን ሐሙስ ብቻ! ሦስት ቀን፣ አራት ቀን ናት እዚያ! ፎቶዋንም ለጥፈው እየቸረቸሩት ነው፣ ከነዩኒቨርሲቲያችሁ ስም!»

ጣ ጣ ጣው ቆመ።

«ስምዎን ቢነግሩኝ?»

«የሚያገባኝ ሰው ነኝ» አልኩና ዘጋሁት።

ዋሸሁ፣ ኦክቡን። በገዛ ልጄ ላይ። እኔ የመሰለኝ ጠርተው «ሁለተኛ እንዳትሄጂ» ብለው ይቆጧታል፣ ሐሙስም ባዶ ይሆናል፣ ባዶ ከሆነ ደግሞ ወደ እኔ ይዞራል። አስተማሪ ተማሪን እንደሚቆጣው ነበር ያሰብኩት። ውል እንዳላት፣ ውሉም በዚህ ወር እንደሚታይ በምን አውቄ?

ባለፈው እሁድ መጣች። እሁድ! የምትተኛበት ቀን። ሞተሩን አጠፋች። ያን ጊዜ ነው የደነገጥኩት። ከሥሩ እሳት አንድጄ ወለሉን አሙቄ ምንጣፍ አነጠፍኩላት፤ እሷ ግን ከነካፖርቷ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች።

«አያቴ፣ ውሌ ላይታደስልኝ ይችላል» አለች። «አንድ ሰው ደውሎ ሥራዋን ትታ ሦስት አራት ቀን ሌላ ቦታ ትውላለች ብሎ ነግሯቸዋል። እኔ እኮ ሐሙስንም ሙሉውን አልውልም። ደግሞ የማሰሮው ወረቀት አለ። የዩኒቨርሲቲውን ስም ለንግድ ማዋል ክልክል ነው። እኔ መለጠፉንም አላወቅኩም ነበር።»

«የሰው ክፋት!» አልኩ። አፌ እኮ አያፍርም።

«ማን ይሆን?»

«ራሷ ኦክቡን ትሆናለች!»

አዎ፣ እንዲህ አልኩ። ያንቺን ስም። ቀና ብላ አየችኝ። «እማማ ኦክቡን ራሷን ከስሳ? ለምን ብላ?» አለችኝ። ብርቱካን ትልጥ ጀመር፤ ልጣጩን ሳትበጥስ፣ እንዳስተማርኳት፣ አንድ ረጅም አድርጋ። እጇን ሳይ አልቻልኩም።

«እኔ ነኝ የደወልኩት።»

«አውቃለሁ» አለችኝ።

«በምን አወቅሽ?»

«ልጁ ነግሮኛል። ‹አሮጊት ናቸው። ሰላም እንኳን አላሉኝም፤ አለቃ አለ? ብለው ነው የጀመሩት› አለኝ። ሌላ ማን ይሆናል?»

ሳቅ ብላ ነው ያለችው፤ ዓይኗ ግን አልሳቀም። እኔም መከላከል ጀመርኩ፣ ጥፋተኛ ስሆን ነው አፌ የሚበዛው። «ታዲያ ለእሷ ጊዜ አለሽ! ለእኔ አምስት ደቂቃ፣ ያውም ሞተር ሳይጠፋ! ለእሷ ቀኑን ሙሉ! እኔ ምንሽ ነኝ?» አልኳት።

ልጣጩን አስቀምጣ እንዲህ አለችኝ፤ ቃል በቃል ነው የምጽፍልሽ፦

«አያቴ፣ እማማ ኦክቡን ጋ ለመሄድ ስድስት ገጽ ቅጽ ሞልቻለሁ። ዲኑ ፈርሟል፣ ምክትሉ ፈርሟል፣ በየዓመቱ አሳድሰዋለሁ። አንቺ ጋ ለመምጣት የዩኒቨርሲቲ ፈቃድ አያስፈልገኝም። ያንቺ ፈቃድ ነው የሚያስፈልገኝ። አራት ዓመት ጠየቅኩሽ። በየብርቱካኑ ጠየቅኩሽ። ‹ድልሁ እንዴት ሆነልሽ?› ስልሽ ‹አይመለከትሽም› አልሽኝ። ሞተሩን የማላጠፋው አልገባሽም? ግቢ አትዪኝማ!»

ግቢ አላልኳትም፣ ኦክቡን። እውነት ነው። በመስኮቱ ብርቱካን ተቀብዬ በሩን እዘጋ ነበር። እንድትለምነኝ ነበር የምጠብቀው። እሷ ለካ እኔን ትጠብቃለች።

ያን ጊዜ ተነሳሁ። ጓሮ ወሰድኳትና ጨው ውሃ የምበጠብጥበትን ባዶ ጋን ከፈትኩላት። «የዛሬ ሁለት ሳምንት እሁድ የፈረስ ቀን ነው። ነይና ለኪው» አልኳት። በሕይወቴ እንደዚያ የከበደኝ ክዳን የለም። ልጅቷ ኪሷን ዳበሰች፣ ቦርሳዋን ዳበሰች። ከዚያ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው?

«መለኪያው እማማ ኦክቡን ጋ ነው ያለው።»

በሞትኩት!

እንግዲህ ስለ ኮሚቴው «ተይው አያቴ፣ ራሴ አስረዳለሁ። ደክሞኛል» ብላ ሄደች። አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። እጄን ጨብጣ ነው የሄደችው፣ እንደ እንግዳ።

እኔ ግን አልተውኩትም። ሰኞ ጠዋት እንደገና ደወልኩ። በዚህኛው «ሰላም ዋልክ ልጄ» ብዬ ጀመርኩ። ልጁ ድምፄን አውቆኝ ሳቀብኝ፣ ይሳቅ። «ያን ቀን ሦስት አራት ቀን ያልኩት ውሸት ነው። ቅናት ነው ያናገረኝ። ስሜ ፒልናም ነው፣ አያቷ ነኝ» አልኩት። «እናቴ፣ ይሄን በስልክ ማጥፋት አልችልም፣ ተመዝግቧል። የሚቀጥለው ሳምንት ማክሰኞ በአካል መጥተው ቢናገሩ ግን ኮሚቴው ይሰማዎታል» አለኝ። «ወረቀቱን የለጠፈው ሰውም ቢመጣ ጥሩ ነው» አለኝ።

ወረቀቱን የለጠፈው ሰው አንቺ ነሽ።

እኔ ብቻዬን ብሄድ አያቷ ስለሆነች ልጇን ልትሸፍን ነው ይላሉ። አንቺ ግን ባዳ ነሽ፤ ያንቺን ያምኑሻል። ሐሙስ ብቻ እንደምትመጣ፣ ስንት ሰዓት ገብታ ስንት ሰዓት እንደምትወጣ አንቺ ነሽ የምታውቂው። እኔም አውቃለሁ፤ በመጥረጊያ ቆጥሬዋለሁ፤ ግን የእኔን ማን ይሰማል? ፎቶዋንም ሳትጠይቂያት እንዳስለጠፍሽ ተናገሪ። ምራቴ ናት ብለሽ እንዳታመልጪ። ምራትሽ ካንቺ ትእዛዝ ውጪ ክዳን እንደማትከፍት መንደሩ ያውቃል። የቀሩትንም ማሰሮዎች ልጠሽ ወረቀቱን ይዘሽላቸው ሂጂ።

ለምን እንደለጠፍሽው ደግሞ አውቃለሁ። ማንም ባይገባው እኔ ይገባኛል። ያቺ ልጅ ጋንሽ አጠገብ ቁጭ ብላ ስትስቅ ልብሽ ሞላና ሰው ሁሉ እንዲያይልሽ ፈለግሽ። የእኔ ናት ብለሽ ነው። እኔም ብሆን አደርገው ነበር። ከዚያም በትልቁ ነበር የማደርገው።

ይሄን ስልሽ ታረቅን ማለት አይደለም። አሁንም እቀናብሻለሁ። በጣሪያሽ እቀናለሁ፣ በድምፅሽ እቀናለሁ፣ ያን ቀን እርጥብ እጅሽን ጠርገሽ «አሳዪኝ» ባልሽው በዚያ አንድ ቃል እቀናለሁ። ያን ቃል እኔ ማለት ነበረብኝ። አንቺ ምንም ሳይከብድሽ አልሽው። ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ፣ ሌላው ሁሉ ትርፍ ነው።

ኮሚቴው ካደሰላት ሐሙስን አልነካብሽም። ፈቃድ ያለው ነገር ነው፣ ዲን የፈረመበት። እሁድ ግን ለእኔ ናት፤ ለዚያ ማንም አልፈረመም፣ አይፈርምም። ካላደሱላት ደግሞ እኔና አንቺ ቀሪ ዕድሜያችንን በሙሉ ብንጣላ አይበቃንም። እሷ ለእነዚያ ተማሪዎቿ ምን እንደምትሆን አይተሻል? በዘንድሮው አዲስ ዓመት በስልኳ አሳየችኝ። ሃያ ልጆች በእሷ መለኪያ የአያቶቻቸውን ጋን ለክተው ቁጥሩን ልከውላታል። ሃያ አያቶች ክዳናቸውን ከፍተዋል። እኔ ብቻ ነበርኩ ያልከፈትኩት።

ማክሰኞ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል አውቶቡሱ መገንጠያው ላይ ይቆማል። ካፖርትሽን ልበሺ፣ ከተማው ንፋስ ነው። መለኪያውን አትርሺ፤ በጨርቅ ጠቅልይው፣ እንዳይሰበር። ኮሚቴው ፊት መጀመሪያ እኔ ልናገር፣ ጥፋቱ የእኔ ይብሳል። ከተሳደብኩ እግሬን ርገጪኝ። ስትመለሺ ከእኔ ጋር ባታወሪም ግድ የለኝም።

ቀድሜ ከደረስኩ ወንበር እይዝልሻለሁ። በመስኮቱ በኩል ግን እኔ ነኝ የምቀመጠው።

ከወንዙ ወዲህ ያለችው
ፒልናም